የቄስ ዱጉማ የመጨረሻ ቁርባን

የበደላችሁ ሰው ይቅርታችሁን ለድግሱ ማድመቂያ ቢፈልገው ምን ትሉታላችሁ?

ቄስ ዱጉማ የሉተራን ፓስተርና የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በአገሩ እሳቸው ያላስተማሩት ፓስተር አይገኝም። ጡረታ በወጡበት እሁድ ቁርባን ሊያድሉ ሲሉ፣ ድሮ “ሴት ለስብከት አትሆንም” ብለው ከክፍላቸው ያባረሯትን ምላሰኛ ሴት ከምዕመናኑ መካከል አዩ። አሁን አርጅታለች።

“እኅቴ፣ በሕዝብ ፊት ይቅር ካላልሽኝ ዛሬ ቁርባን አልሰጥም” አሉ።

ሕዝቡ ዞሮ አፈጠጠባት። ጎረቤቷም “ኧረ በይ፣ ሰው አታስቁሚ” ብላ ጎነተለቻት።

አሮጊቷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

“መምህር፣ በእግዜር ጸጋ ላይ ሰው የሚጨምረው ነገር የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እሱ ይቅር ካለዎት የእኔ ይቅርታ ትርፍ ነገር ነው፤ ካላለዎትም የእኔ አያድንዎትም። ይልቅ ቁርባኑን ያድሉ። እኔ እንደሆንኩ ማንንም ይቅር አልልም።”