በነሐሴ የጸደቀ

ችግኝ መጽደቁ በእርግጥ የሚታወቀው መቼ ነው? አትቸኩሉ፤ እኔም መልሱን ገና አልያዝሁትም።

አንድ ሰው ነበር። ስለ ዛፍ ዘር ሩቅ አገር ተምሮ መንዝ ወዳለው ደብሩ ተመለሰ። የተማረው ለአገሩ ይጠቅም እንደሆነ ግን ልቡ ይጠራጠር ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ ፍሬ ማየት ፈለገ።

ደብሩን ከከበቡት ጽዶች የቀሩት ሃያ ሰባት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከእነሱም ከወይና ደጋ ጽዶችም ቅጠል ቆርጦ ለምርመራ ላከ። የደጋዎቹ ዘር ውርጭን ለመቋቋም የሚያስችል ምልክት ይዞ እንደሆነ ሊያውቅ ነው።

መልሱን ጠበቀ? አልጠበቀም። ክረምት ገባ፤ ከወይና ደጋ ችግኝ አስመጣ። አሮጌዎቹ ጥላ ያበዛሉ፣ ግንዳቸው ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ይሆናል ብሎ አስቆረጣቸውና በቦታቸው ችግኞቹን ተከለ።

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ዘሚካኤል ችግኞቹን አዩና፣ "ልጄ፣ እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?" አሉት።

"ጽድ ናቸው አባ። ጽድ ጽድ ነው።"

"ሙሽራ እንኳ ከቆላ ደጋ ስትዳር ጋቢ ይሰጧታል። እነዚህ ምን ለብሰው መጡ?"

ሳቀ። እሳቸውም የተማረ ነው ብለው ተዉት።

በነሐሴ ቆጠረ፤ አንድም አልደረቀም። "አባ፣ ሁሉም ጸድቀዋል።"

"በዝናብማ ዱላም ይጸድቃል። እኛ ጸደቀ የምንለው የኅዳርን ውርጭ ሲያልፍ ነው።"

እሱ ግን "ጸድቀዋል" ብሎ ሪፖርቱን ጻፈና ከተማ ገባ።

ኅዳር ላይ ውርጩ ወረደ። ችግኙ ሁሉ እሳት እንደነካው ጠቆረ። በዚያው ሳምንት የምርመራው ውጤት ደረሰ፦ ምልክቱ አለ፤ ያለውም በደጋዎቹ ላይ ነው። በተቆረጡት ላይ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው አላዋቂ ነበር? አልነበረም። ጠይቆ፣ መልስ ሳይሰማ መጥረቢያ ያነሣ ሰው ነው። እናንተስ? በዝናብ ቆማችሁ "ጸድቄአለሁ" የምትሉ ስንት ናችሁ? ያቆማችሁን ጸሎት፣ ያሳደጋችሁን ምክር "አርጅቷል" ብላችሁ የቆረጣችሁ ስንት ናችሁ?

"ንስሐ አለ" ትሉኛላችሁ። አለ። የተቆረጠ ጽድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

ያም ሰው ተጸጽቷል። ለአባ ዘሚካኤል በስልካቸው ጻፈላቸው፦ "አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከአሮጌዎቹ ፍሬ ለቅሞ ያስቀመጠ ሰው ይኖር ይሆን? አንድ እፍኝ እንኳ?"

መልእክቱ ደርሷል። ጥር አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። መልስ የለም።