የመምህር ልኬለህ ጋቢ

ዋርካ በር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ነገሩ ሳይለይ ዕቃውን ሸክፎ መንገድ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥም የሚነገር አንድ አባባል አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ለተማሪዎች የወጣ ተግሣጽ ይመስለዋል። ተማሪዎቹ ግን የሉበትም። አባባሉን ያመጡት አንድ መምህርና አንድ ጋቢ ናቸው።

መምህር ልኬለህ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጎበዝ መምህር ነበሩ፤ አንዲት ዐመል ብቻ ነበረችባቸው፣ መቅደም ይወዳሉ። ሠርግ ሲጠሩ ድንኳን ሲተከል ደርሰው ካስማ ያቀብላሉ። ጧት አንድ ሰዓት ለሚነሣ አውቶቡስ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት መናኸሪያ ሄደው ዘበኛውን ይቀሰቅሳሉ። ሰው ሲስቅባቸው፣ «የቀደመ አያፍርም» ይላሉ።

በዚያ ዓመት የከተማዋ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሊዋሃዱ ነው ተባለ። የጂኦግራፊ መምህራን አራት ናቸው፣ አዲሱ መዋቅር የሚፈልገው ሦስት ነው። ማን ትርፍ እንደሚሆን የሚናገረው ዝርዝር ገና አልመጣም። መምህር ልኬለህ ግን ከአራቱ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ስለሆኑ ፈሩ። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስድሳ ሞልቷቸው ጡረታ እስኪወጡ አራት ዓመት ይቀራቸዋል። የሚቀነሰው እኔ ነኝ ብለው ለራሳቸው ፈረዱ።

አንድ ረቡዕ በመምህራን ማረፊያ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «እኔ ማንንም አላስቸግርም፤ ቀድሜ ጡረታ እወጣለሁ። ውጣ ከመባል ወጣሁ ማለት ይሻላል» አሉ።

ይህን የሰማው የሻይ ክበቡ ሰብሳቢ፣ የሒሳብ መምህሩ ሽመክት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ጡረታ ለሚወጣ መምህር ክበቡ ጋቢ ያለብሳል፤ በሰልፍ ሜዳ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ ሽማግሌ መርቆ። ጋቢ ለብሶ ወደ ክፍል የተመለሰ መምህር በዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም። ሽመክት ደግሞ ለደግ ነገር እግሩ ፈጣን ነው፤ በሁለት ቀን መዋጮውን ሰብስቦ፣ ጋቢውን ገዝቶ፣ ዓርብ ጧት ሰልፉ ላይ ቆመ። መምህር ልኬለህ «ኧረ እኔ ቅጹን እንኳ አልሞላሁም» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋቢው ትከሻቸው ላይ አረፈ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ደወል መቺ ጋሽ ጉርሙ በግቢው ሽማግሌ እሳቸው ናቸውና መረቁ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በዚያ ጭብጨባ መሐል እውነቱን መናገር አሳፈራቸው።

ሰኞ ወደ ጡረታ ቢሮ ሄዱ። በመስኮቱ ያለችው ማስተዋል የድሮ ተማሪያቸው ናት። ቅጹን ሞልተው ፊርማው ላይ ሲደርሱ አቋረጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ትርፍ ነዎት የሚል ደብዳቤ ደርሶዎታል?»

«አልደረሰኝም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?»

«ጋቢ አልብሰውኛል።»

ማስተዋል ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እዚህ ቅጽ ላይ ጋቢ የሚሞላበት ቦታ የለም፣ ጋሼ። ይልቅ ይስሙኝ። ዛሬ ከፈረሙ ያልሠሯቸው አራት ዓመታት አይታሰቡልዎትም፤ ጡረታዎ ዕድሜ ልክዎን ያነሰ ይሆናል። ዝርዝሩ መጥቶ ስምዎ ከትርፎቹ ጋር ቢገኝ፣ ይህንኑ ቅጽ ያን ጊዜ እሰጥዎታለሁ። ቅጹ የትም አይሄድም። ከፈረሙ በኋላ መመለሱ ነው የሚከብደው።»

መምህር ልኬለህ ቅጹን ሳይፈርሙ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አሉ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ። «ለመሆኑ ማስተማር ሰልችቶሃል?»

«ኧረ አልሰለቸኝም።»

«አሞሃል?»

«ምን ሆኜ!»

«ታዲያ ጡረታ የሚወጣው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ጋቢው?»

መምህር ልኬለህ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሲያስቡት፣ እንዲያ ያስፈራቸው ሥራ ማጣቱ ብቻ አልነበረም። ስማቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያስተማሯቸው ልጆች ሲያነቡት ማየቱን ነው የፈሩት። ለዚያች ለአንዲት ቀን ኀፍረት ብለው አራት ዓመት ሊሰጡ ነበር። ይህ ሲገባቸው በራሳቸው ተናደዱ፤ ንዴቱም ልብ ሰጣቸው።

«አልፈርምም» አሉ። «ትርፍ ነህ ካሉኝ ያን ቀን ቀና ብዬ እወጣለሁ።»

«እንዲያ በል» አሉ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ።

ማክሰኞ ጧት ጋቢውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ገቡ። ጋሽ ጉርሙ ከግራሩ ሥር፣ ደወል ሆኖ ከተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ አጠገብ ቆመው ነበር።

«ጋሽ ጉርሙ፣ ይህን ያስቀምጡልኝ። ቀኑ ሲደርስ እወስደዋለሁ።»

ሽማግሌው ጋቢውን ተቀበሉ። «ምርቃቱንስ?»

«እሱንም ከጋቢው ጋር ያቆዩልኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሣቀባቸው። ሙሽራው ተመለሰ ያላቸውም ነበር። ሽመክት፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ሲጀምርባቸው፣ «ድስቱ ገና አልተጣደም» ብለው ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ ክፍል ሄዱ።

ዝርዝሩ የመጣ ዕለት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን በሰሌዳው ላይ እየሣሉ ነበር። ላንጋኖን ጨርሰው ወደ ሻላ ሲወርዱ ሽመክት በሩ ላይ ደረሰ።

«ጋሽ ልኬ፣ ተለጠፈ! ሰው ሁሉ እዚያ ነው፣ ይምጡ።»

እድሜ ልካቸውን ሲቀድሙ የኖሩት ሰውዬ ጠመኔውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ክፍለ ጊዜዬ አላለቀም» አሉ፤ ሻላን ሣሉ፣ ሀዋሳን ሣሉ፣ አባያንና ጫሞን ሣሉ።

ደወሉ ሲመታ ወጡ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ከመምህራኑ ሁሉ ኋላ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ስማቸው በሥራቸው ከሚቀጥሉት ጋር ነበር። ለካ ከአራቱ አንዱ ወደ ትውልድ አገሩ ዝውውር ከጠየቀ ወር አልፎታል፤ ለማንም ስላልተናገረ ነው እንጂ፣ ከጂኦግራፊ ትርፍ የሚሆን ሰው አልነበረም። መምህር ልኬለህ ስማቸውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አልደበቁትምም።

ሽመክት ጭንቅላቱን አከከ። «እንኳን ደስ ያለዎት። ግን... ጋቢውን ምን ልናደርገው ነው?»

«ብል እንዳይበላው እኔ አለሁ» አሉ ጋሽ ጉርሙ የደወሉን ብረት እንደያዙ ቀርበው። መጀመሪያ ሽመክትን፣ ቀጥሎም መምህር ልኬለህን አዩና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቹ በየቀኑ በመስኮት እጄን እያዩ ይቁነጠነጣሉ፤ እናንተ ግን መምህራን ናችሁ፣ ደወሉ ሳይደወል ደብተር አይታጠፍም።»