የአባቱን የሥራ ቦታ ትቶ ፋብሪካ የሠራው ሰው

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜውን በባቡር ጣቢያ የጨረሰ፣ ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው። ጡረታ ቤት ሲያስቀምጠው ምን ያድርግ? ሳሎኑ ውስጥ፣ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ፣ የድሬዳዋን ጣቢያ አስመስሎ ትንሽ ባቡር ይሠራ ጀመር። ሐዲዱ ከሽቦ፣ ፉርጎው ከጣውላ። አትሳቁ! እጁ ሥራ የለመደ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይታመማል።

ስሙ ቸርነት ነው። የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች በዓመት አንዴ እየተገናኙ ይጫወታሉና፣ ዘንድሮ አንተ ቤት ይሁን፣ የሠራኸውንም እንየው አሉት። ደስ አለው። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ባቡር እኮ እንዲሁ አይዞርም፤ ጭነት የሚሰጠው ድርጅት ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የቀረው ለአንድ ብቻ የሚሆን ጥግ ነው። ምን ይሥራበት?

ሙክታር የሚባል የሥራ ባልደረባው መጥቶ አየና፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ የከብት መጫኛውን ሥራ አለው። በረቱ አለ፣ ከብቱ ወደ ፉርጎ የሚወጣበት መወጣጫ አለ፣ የውሃ ገንዳው አለ። ከዚህ የበለጠ ለባቡር የሚያምር ነገር የታለ? ደግሞስ አባትህ ዕድሜ ልካቸውን የለፉት እዚያው አይደል?

ችግሩም ይሄው ነበር። አባቱ ከብት ጫኝ ነበሩ። ፉርጎው ባዶውን ሲመለስም እበቱን ጠርገው የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ቸርነት ተማሪ ሳለ አባቱ ከሩቅ ሲመጡ ካየ በሌላ መንገድ ይታጠፍ ነበር። ከተሾመ በኋላም፣ አባትህ ምን ነበሩ ሲሉት፣ የባቡር ሠራተኛ ብሎ ያልፋል። ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? እሱን እናንተው ፍረዱ።

እናም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራ። ግድግዳው ነጭ፣ ጣራው የሚያብለጨልጭ፣ ደጁ ላይ አበባ። ለሙክታርም በረት ሳሎን ውስጥ አያምርም አለው።

ቀኑ ደረሰና እንግዳው ሳሎኑን ሞላው። እናቱ እማማ አሰለፈችም መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እኔም ልየው አሉ፤ የእሳቸው ማየት በእጅ ነው። ጠረጴዛው ዘንድ አቀረቧቸው። ጣታቸውን ሐዲዱ ላይ አድርገው፣ ከጣቢያው ተነሥተው፣ ቀስ እያሉ ዳብሰው ዳብሰው ጥጉ ላይ ደረሱ። ሐዲዱ እንደ እውነተኛው ወደ ግራ ሲታጠፍ ቦታውን አወቁት። ጣራውን በመዳፋቸው ሸፍነው ፊታቸው በራ።

"አባትህ የሚሠራበት ነው አይደል? ተባረክ ልጄ። አባትህን እንዳሰብክ ልጆችህ ያስቡህ።"

ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እኮ ፋብሪካ መሆኑን ያያል! ሙክታር አንገቱን ደፋ። ቸርነት "አሜን" ቢል ኖሮ ነገሩ ያልፍ ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ያልሠራበትን ምርቃት መዋጥ አቃተው፤ ፊቱ እሳት ሆነ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

"እማዬ፣ ይሄ ፋብሪካ ነው። የአባዬን አልሠራሁትም።"

"ምነው፣ ቦታ ጠበበህ?"

"አይ። አፍሬ ነው።"

እናት እጃቸውን ከጣራው ላይ አነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

"አባትህ እኮ አንተ የተሾምክ ቀን ለሰው ነግሮ አልወጣለት ብሎ፣ ለከብቶቹም ነግሯል" አሉ።

እኛስ? እናንተዬ፣ እኛስ? ልጃችንን ስንድር ከገጠር የመጣውን አጎት የት ነው ያስቀመጥነው? ከድንኳኑ ጀርባ አይደለም? ትልቅ እንግዳ ሲመጣ እናታችንን፣ "አንቺ ጓዳ ብትሆኚ ይሻልሻል" ያልነው ለእሷ አስበን ነው? ስንጠየቅ ደግሞ መልስ አናጣም። ሰው በዛ፣ ወንበር አነሰ፣ ቦታ ጠበበ እንላለን።

የምናመልከው ጌታ የት ነው የተወለደው? በፋብሪካ ነው? ከብት ባደረበት፣ እበት በሸተተበት በረት አይደለም? ያን ቀንም ቦታ የለም ተብሎ ነበር። በልደት በዓል ለዚያ በረት እልል እንላለን፤ በማግስቱ በረት የጠረገ አባታችንን እንደብቃለን። እንዴት ነው ነገሩ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የደበቃችሁትን ሰው ጥሩት። በሕይወት ካለ አጠገቡ ተቀመጡ። ከሞተ ሰው በሞላበት ስሙን ጥሩ፣ ሥራውንም ተናገሩ። ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ ቢላችሁ ሰበብ አትደርድሩ። አፍሬ ነበር በሉት።