ቀበሮ የከፈተው ርካሽ ሕክምና ቤት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፣ ቦራና ዳልቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩ። ከወይፈንነታቸው ጀምሮ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ያረሱ፣ አንዱ ካልበላ ሌላው የማይበላ ጓደኛሞች ናቸው። በዚያ ሰሞን ዳልቻን እሾህ ወጋው። እሾሁ ኮቴው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ እግሩ አብጦ መግል ያዘ፤ መቆም አቃተው።

ቦራ ደንግጦ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ። እዚያ እንስሳትን የሚያክም አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ይኖራል።

«አያ ዝንጀሮ፣ ጓደኛዬን ለማዳን ምን ታስከፍለኛለህ?»

«እሾሁን አወጣለሁ፤ መግሉን አፈሳለሁ፤ ቁስሉን ጠዋትና ማታ እያጠብኩ እስኪድን እዚሁ አስተኛዋለሁ። ዋጋው ካከማቻችሁት ድርቆሽ እኩሌታው ነው።»

የቦራ ዓይን ፈጠጠ። «እኩሌታው! ለአንድ እሾህ? ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?»

«እሾሁ ትንሽ ነው፤ ቁስሉ ግን ትንሽ አይደለም» አለ ዝንጀሮው።

ቦራ «ሌላም ሐኪም ጠይቄ አወዳድራለሁ» እያለ እያጉረመረመ ወረደ። ከታች፣ ከፈፋው ዳር ባለ ዋሻ፣ ቀበሮ ሕክምና ቤት ከፍቻለሁ እያለ ሰሞኑን ያስወራ ነበር።

«አያ ቀበሮ፣ የታመመ እግር በስንት ታክማለህ?»

«በአንድ ጉርሻ ድርቆሽ።»

ቦራ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። «አንድ… ጉርሻ?»

«እሱም ለወጉ ያህል ነው። በበሽተኛ ላይ ማትረፍ አልወድም። የሚያስተኛ ቅጠል አጠጣዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ አስታማሚ አይገባም።»

ቦራ እየሮጠ ሄዶ ለጓደኛው ነገረው። ዳልቻን ግን ነገሩ አልጣመውም።

«ዝንጀሮው የሚያደርገውን አንድ በአንድ ነግሮሃል። ቀበሮውስ እግሬን ምን ላደርገው ነው አለህ?»

«ምንም አያመውም ነው ያለኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ኧረ ዳልቻ፣ ዋጋውን አልሰማህም?»

ዳልቻ ሕመሙ ስለጠናበት መከራከሩን ተወ።

ቦራ አንዱን ጉርሻ ድርቆሽ በአፉ ይዞ፣ ጓደኛውን በጎኑ እያስደገፈ ዋሻው ድረስ ወሰደው። ቀበሮው ዳልቻን አስገባና «አንተ ሂድ፣ ነገ ትመጣለህ» ብሎ ቦራን አጣደፈው። ቦራ ትንሽ ራቅ እንዳለ ድርቆሹ አሁንም አፉ ውስጥ መሆኑን አስተዋለ። ሐኪሙ ዋጋውን እንኳ አልተቀበለም! አፈረና ሊከፍል ተመለሰ። ከበሩ ሲደርስ ድምፅ ሰማ።

«ተኛልህ?» የጅብ ድምፅ ነው።

«ቀስ በል! ገና ዓይኑን እየከደነ ነው» አለ ቀበሮው።

«ታፋው የእኔ ነው ተባብለናል። ኋላ እንዳትክደኝ።»

«ያንተ ነው። እኔን ጉበቱ ይበቃኛል።»

ቦራ ክው አለ። ድርቆሹ ከአፉ ወደቀ። ጓደኛውን እዚህ ያመጣው እኮ እሱ ራሱ ነው! በዚህ መሃል ጅቡ በበሩ ብቅ አለና ቦራን ሲያይ ፊቱ በደስታ በራ።

«አያ በሬ፣ አንተም ታመምክ? ግባ እንጂ፣ ቦታ ሞልቷል!»

ቦራ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ገባ። ጅቡ እየተንከባለለ ፈፋው ውስጥ ወደቀ፤ ቀበሮው በጓሮ ቀዳዳ ሾልኮ አመለጠ።

ቦራ በእንቅልፍ የሚንገዳገደውን ዳልቻን በግንባሩ እየገፋ፣ ሲወድቅም እያነሳ ገደሉ አፋፍ አደረሰው።

«አያ ዝንጀሮ፣ ድርቆሹን ሁሉንም ውሰደው!»

«እኩሌታው ይበቃኛል» አለ ዝንጀሮው የዳልቻን እግር እያገላበጠ። «ግን ቁስሉ ብሷል። እግሩ ይተርፋል ብዬ ቃል አልገባልህም።»

ቦራ ድርቆሹን ሲያመጣ ሌላ ነገር አስደነገጠው። ዝንጀሮው አንዲት ሰበዝ እንኳ ለራሱ አላስቀረም፤ ገሚሱን እዚያ ለተኙት በሽተኞች ጎዘጎዘላቸው፣ ገሚሱን አበላቸው። ዝንጀሮው እሾሁን አውጥቶ መግሉን ካፈሰሰ በኋላ ቦራ ከጓደኛው አጠገብ ሳይነቃነቅ ተኛ። ሲነጋ ዳልቻ ዓይኑን ገለጠ።

«ቦራ፣ እግሬ አለ?»

«አለ» አለ ቦራ።

ዳልቻ ከርሞ ዳነ፤ ሆኖም ማነከሱ አልቀረለትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለምንወደው ታማሚ የሐኪም ዋጋ ማወዳደር ባይከፋም፣ በዚያ ዋጋ ምን እንደሚደረግለትና ርካሹ ሐኪም ትርፉን ከማን እንደሚያገኝ ሳንጠይቅ መወሰን ታማሚውን በገዛ እጃችን ለጅብ ማስረከብ መሆኑን ነው።