የወይዘሮ ድብልብል ጉረኖ ጥናት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ተረት አለኝ። ጆሮ የሌላችሁም ቢሆን ቦታ አትዝጉ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ስብሰባ በሚወዱበት ዘመን፣ ወይዘሮ ድብልብል የምትባል አንዲት አሳማ ከልጆቿ ጋር በቁልቁለት ላይ በተሠራ ጉረኖ ትኖር ነበር። በጉረኖው ግርጌ ኩሬ ነበር። ልጆቿ ከኩሬው ይጠጣሉ፣ ሆዳቸው ይላወሳል፤ ደግመው ይጠጣሉ፣ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ትንሿ ሚጢጢማ ጭራሽ መቆም አቃታት።

ወይዘሮ ድብልብል ወደ ኩሬው ጎንበስ ብላ፣ "ልጄን ምን አደረግህብኝ?" አለችው።

"እኔ ምን አደረግሁ እቴ!" አለ ኩሬው። "ከላይ ፍጋችሁና ሽንታችሁ ይወርድብኛል፤ እናንተ ደግሞ መልሳችሁ ትጠጡኛላችሁ። አንድ ቦይ ተቆፍሮ ፍሳሹ ወደ ሌላ ጉድጓድ ቢሄድ፣ እኔም እጠራ ነበር፣ ልጆችሽም ይድኑ ነበር።"

ወይዘሮ ድብልብል አፍንጫዋ ለቁፋሮ የተፈጠረ ነው። ግን የጉረኖው ወለል የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ቦዩም መጀመር ያለበት ከአጥሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ጃርትን ጠራችው።

"በደስታ!" አለ ጃርት። "ግን ያለ ሸንጎው ፈቃድ አንድ ጭብጥ አፈር ብነካ እሾኼን አንድ በአንድ ይነቅሉታል።"

ሸንጎው በኮረብታው አናት፣ ከዋርካው ሥር ይቀመጥ ነበር። አቤቱታው ሲደርሰው እጅግ አዘነ። ያዘነው ለሚጢጢ አይደለም፤ "አሳማ" የሚል ቃል በጨዋ ፊት በመነሣቱ ነው። የተከበሩ እንስሳት ይህን ስም አይጠሩም። "ያቺ ነገር" ብለው እንትፍ ይላሉ።

ሰብሳቢው አቶ በሬ ጉሮሮውን ጠረገ። "የ… የያቺ ነገር ጉዳይ ይጠና! ያለ ጥናት መቆፈር የደንቆሮ ሥራ ነው።"

"ይጠና!" አሉ ሁሉም። እውነታቸውን ነው። የችግሩን ጥልቀት ሳያውቅ ጉድጓድ የሚቆፍር ማን ነው?

መጀመሪያ አባ ዝንጀሮ ተላከ። አባ ዝንጀሮ ጨዋ ነውና ወደ ጉረኖው አልቀረበም። ከሩቅ ገደል ላይ ወጣ፣ ነፋሱን በጀርባው አደረገ፣ ወደ ላይ አሸተተ።

"ምንም ሽታ የለም" አለ።

"ኧረ አባ ዝንጀሮ!" አለ ነፋስ። "እኔ የምነፍሰው ከአንተ ወደ እሷ ነው። ዞረህ ማዶ ቁም እንጂ!"

"ነፋስ በጥናት ጣልቃ አይገባም!" አለና ወርዶ፣ "ነፋሱ ንጹሕ ነው" ብሎ ለሸንጎው ተናገረ።

ቀጥላ እመት ፍየል ተላከች። እሷስ እስከ አጥሩ ድረስ መጣች፤ ግን ዓይኗን ጨፍና ነው።

"አንተ አጥር፣ ያቺን ነገር ልጆችሽን ምን ነካቸው በልልኝ።"

"እዚሁ ናት፣ ትሰማሻለች" አለ አጥር።

"በልልኝ ተባልክ!"

"እሺ። ልጆችሽን ምን ነካቸው ትላለች?"

"ውሃው በፍግ ተበክሎ ተቅማጥ ያዛቸው በላት" አለች ወይዘሮ ድብልብል።

"ተቅማጥ ያዛቸው" አለ አጥር።

እመት ፍየል ከአጥሩ ቅጠል ቆንጠር አድርጋ አኘከች። ከዚያም ለሸንጎው፣ "ያነጋገረኝ አጥሩ ነው። ቀምሼዋለሁ፤ ፍጹም ጤነኛ ነው" አለች።

በመጨረሻ አያ ጅቦ መጣ። እሱ እንኳ መጠጋት አልፈራም።

"የኔ እናት! እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው! ለናሙና አንዱን ልውሰድ። ያንን ወፍራሙን።"

"የታመመችው ቀጭኗ ናት፣ አያ ጅቦ።"

"ጥናት ማነጻጸር ይፈልጋል። ሁለቱንም ስጪኝ።"

"የት ነው የምትመረምራቸው?"

"ውስጤ።"

ወይዘሮ ድብልብል አፍንጫው ላይ በግንባሯ አቀመሰችው። አያ ጅቦ እያነከሰ ተመለሰ፤ የተመታው አፍንጫው ሆኖ ሳለ ለምን እንዳነከሰ እስካሁን አልተጠናም። "ተጠኚዋ ለምርምር አትተባበርም" አለ።

ሸንጎው የሦስቱን ቃል አጋጠመ። ነፋሱ ንጹሕ ነው፣ አጥሩ ጤነኛ ነው፣ እሷ ክፉ ናት። እንግዲህ ችግር የለም ተባለ። ተጨበጨበ፣ ለማግስቱም ግብዣ ተደገሰ።

ወይዘሮ ድብልብል ጭብጨባውን ከታች ሆና ሰማች። የሚጢጢ ትንፋሽ ቀጥኖ ነበር። ሚጢጢን በአገጯ ደገፍ አድርጋ ነፋስን ጠራችው።

"ወንድሜ፣ ሰማህ ያሉህን?"

"ንጹሕ ነው አሉኝ!" አለ ነፋስ ተናዶ። "ስንት ዘመን የናንተን ጠረን ተሸክሜ ስዞር! ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ!"

"እንግዲያው ነገ ዙርልኝ። ወደ ኮረብታው ተሸክመህ ውጣ።"

"ነገ እኮ ግብዣ አላቸው።"

"እኮ!"

በማግስቱ አቶ በሬ ለንግግር ተነሣ። "የተከበራችሁ…" ሲል ነፋስ ደረሰ። ንግግሩ ወደ ጉሮሮው ተመለሰ። እመት ፍየል ጨፍና የነበረውን ዓይኗን በለጠጠች። አባ ዝንጀሮ ዋርካው ላይ ተንጠለጠለ፤ ሽታው ቀድሞት ወጥቶ ነበር። አያ ጅቦ ብቻ፣ "ምሳ ቀረበ እንዴ?" አለ።

"ምንድን ነው ይሄ? ከየት ነው?" ጮኹ።

"ከአሳማዋ ጉረኖ ነው!" አለ አቶ በሬ፤ ስሟ እንደ ሌላው ስም ከአፉ ወጣ። "ጃርት! ጃርት የት አለ?"

"አቤት። ጥናቱስ ጌታዬ?"

"የምን ጥናት! ቆፍር!"

ጃርት ቆፈረ። እመት ፍየል በቀንዷ አፈር ዛቀች፣ አባ ዝንጀሮ ድንጋይ ተሸከመ፣ አያ ጅቦ እንኳ ቦዩን ገለባ አለበሰ። ፍሳሹ አዲሱ ጉድጓድ ገባ፣ ኩሬው እያደር ጠራ። ሚጢጢ ተነሣች፣ ወደቀች፣ እንደገና ተነሣችና የእናቷን ጆሮ ነከሰች። ወይዘሮ ድብልብል በሕመሙ ደስ አላት።

ሸንጎው ሦስቱን ተመራማሪዎች ሸለመ። ነፋስ ሳያስፈቅድ ስብሰባ ገብቷል ተብሎ ተወገዘ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ትላልቆችን ወደ ችግራችሁ ኑ እያላችሁ አታድክሟቸው፤ ችግራችሁን እነሱ ዘንድ አድርሱላቸው።