ስምንተኛዋ ሽንብራ

«ተረት ተረት!»

«ጆሯችን ክፍት!»

አራት ድምፅ ነው የሰማሁት፤ የተቀመጣችሁት ግን ስድስት ናችሁ። ሁለታችሁ አፋችሁ ሙሉ ነው ማለት ነው። ደግ። ዋጡና ስሙኝ። የዛሬው ተረት ስለ መዋጥ ነው።

በድሮ ዘመን፣ አርባ ሦስት ቤት ባለበት መንደር፣ ደረበ የሚባል ገበሬና ሚስቱ ውድነሽ ይኖሩ ነበር። አምስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያዋ በኩር ናትና ታየች። የመጨረሻዋ ሕፃን ናትና ታቀፈች። አራተኛዋ ትርንጎ ትባላለች። አራተኛን ልጅ ማን ያያል? እናቷ እንኳ ስትጠራት የሦስቱን ስም ጨርሳ ነበር እሷ ላይ የምትደርሰው። ልጅቱ ትስቅ ነበር፤ ትበላ ነበር፤ ምንም አልነበረባትም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት የፍልሰታን ጾም ያዘች። አሥራ ስድስት ቀን ነው። ሌሎቹ ልጆች ከቅዳሴ በኋላ ሲበሉ፣ እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆይና አንድ እፍኝ ንፍሮ ትቀምስ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ቄሱ መምሬ ገላው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እጇን ይዘው ወደ ላይ አነሱ።

፦ እዩአት! እናንተ ጎልማሶች፣ ይህችን ልጅ አይታችሁ እፈሩ! አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ደረበም የልጁን ስም ሳይሳሳት ጠራ። ትርንጎ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች።

ከዚያም የጽጌን ጾም ጨመረች። አርባ ቀን። ከዚያም የነቢያትን። በመካከል ያሉትን ቀኖች ደግሞ «የስእለት ነው» አለች። እናቷ ምሳ ስታቀርብ «ጎረቤት በልቻለሁ» ትላለች። ቀሚሷ ሲሰፋባት ሌላ ቀሚስ ደረበችበት። የመንደሩ ሰውስ ምን አለ? ታማለች አለ? የለም! ትከሻዋን መሳም ጀመረ። ልጅ የታመመባት እናት «እጅሽን ጫኝበት» እያለች ትመጣ ነበር። ልጅቱ ዓይናቸው ሥር እየሞተች፣ እነሱ በረከት ይለምኗት ነበር። እስቲ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ደረበ ይመናሹ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት፣ በአንዲት አህያ ጨው መነገድ ጀምራ በኋላ ስድስት አህያ የነዳች ሴት ናት። ወንዝ ማዶ ትኖራለች። ከክረምት ጀምሮ በንግድ አገር ለአገር ስትዞር ነበርና ቤተሰቡን አላየችም። ዐቢይ ጾም በገባ በአሥረኛው ቀን መጣችና፦

፦ ደረበ፣ ለጥቂት ቀን አንዷን አውሰኝ፤ ብቻዬን ነኝ፣ አለች። ትርንጎንም ይዛ ወጣች።

ወንዙ ያለ ወቅቱ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ነበር። ልጅቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ማለክለክ ጀመረች።

፦ ነይ ልዘልሽ፣ አለች ይመናሹ።

፦ እከብድሻለሁ፣ አክስቴ።

፦ እኔ የጨው ጭነት ያነሳሁ ሴት ነኝ። ውጪ!

ጎንበስ አለች። እግሯን ተከለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። የደረሰች ልጃገረድ አነሳለሁ ብላ ወገቧን አጠንክራ ብድግ ስትል፣ ወደ ፊት ተንደርድራ ውሃው ውስጥ በግንባሯ ልትደፋ ምንም አልቀራት። የሞላ መስሏት ባዶ እንስራ በኃይል እንዳነሳች ሴት ሆነች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አልነበረም። ቀሚስ ነበር።

አወረደቻትና የልጅቱን መቀነት ፈታች። አንድ ቀሚስ። ሁለት። ሦስት። አራት። ከአራተኛው ሥር ያለውን ስታይ «ወዮልኝ!» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። የልጅቱ የጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠራል። ክንዷ ላይ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ለስላሳ ጠጉር በቅሏል። በጠራራ ፀሐይ ጣቶቿ በረዶ ናቸው።

፦ የወር አበባሽስ?

፦ ከጥቅምት ወዲህ ቀርቷል።

፦ ትናንት ምን በላሽ?

፦ ሽንብራ።

፦ ስንት እፍኝ?

፦ ሰባት ፍሬ።

ይመናሹ ደነገጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆጥር ኖራለች፤ ሽንብራን በፍሬ ቆጥሮ የሚበላ ሰው ግን አይታ አታውቅም።

፦ ለምን አንድ አትጨምሪም?

፦ እፈራለሁ።

፦ ምኑን?

፦ ስምንተኛዋን።

ልጅቱ ይህን ስትል ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። አልቀለደችም። አልቀበጠችም። ጅብ ያየ ሰው እንደሚፈራ ነበር የፈራችው። ይመናሹም ያን ጊዜ ገባት። ይህ ጾም አይደለም። ጾም መያዣም መፍቻም አለው፤ ይህ ግን መፍቻ የለውም።

እንደገና አዘለቻትና ወደ መንደሩ ተመልሳ ቀጥታ መምሬ ገላው ቤት ገባች።

፦ አባ፣ ይችን ልጅ ያንሷት።

፦ ምን ነካሽ?

፦ ያንሷት ብያለሁ!

አነሷት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

፦ ራሷ ነግራኛለች፤ ከነሐሴ አንድ እስከ ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ከመቶ ብዙ አያልፍም። የቀረውን ማን አዘዘ? አለች ይመናሹ።

መምሬ ልጅቱን ቀስ ብለው አወረዷት። ከዚያም፦

፦ እጇን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አሉ። እንባቸውም ወረደ።

ደረበ ይህን ሲሰማ አለንጋውን ይዞ መጣ።

፦ ዛሬ ትበላለች! እንቢ ካለች በግድ አጎርሳታለሁ!

፦ አንተ ሞኝ፣ አፏን በግድ ብትከፍት ጉሮሮዋን ማን ይከፍትልሃል? ቁጭ በል! አለችው እህቱ።

ቁጭ አለ። ምን ያድርግ?

በማግስቱ መድኃኔ ዓለም ነበርና ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ገና ረፋድ ነው። መምሬ ገላው ትርንጎን አጠገባቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። በገበታ የተበጠበጠ በሶ አስመጡ።

፦ ልጆቼ፣ ዛሬ አልቀድስም። ነሐሴ ላይ እዚሁ ቆሜ በዚህች ልጅ ላይ በደል ሠርቻለሁ። ታማለች። የታመመ አይጾምም። ከዛሬ ጀምሮ ንስሐዋ መብላት ነው። ብቻዋን እንዳታፍር ደግሞ እኔ እቀድማለሁ፣ አሉ።

ከዚያም በዐቢይ ጾም፣ በጠዋት፣ ሕዝብ ፊት፣ አንድ ማንኪያ በሶ ጎረሱ።

ኡኡታ ሆነ! አንዱ ሽማግሌ መቋሚያውን ጣለ። አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

፦ መምሬ ጾም ገደፉ!

፦ አበዱ እንዴ?

፦ ኧረ ያዟቸው!

ትርንጎ ግን የምታየው እሳቸውን ነበር። በሶው ጢማቸው ላይ ተዝረክርኳል። እሳቸውም ፈርተው ነበር። ፈርተው ነበር፤ ግን ዋጡ። ማንኪያውን ከእጃቸው ወሰደችና አንዴ ቀመሰች። እንባዋ ከበሶው ጋር አብሮ ገባ። ለዚያች ጉርሻ አለቆቻቸው መምሬን አርባ ቀን ቀጧቸው፤ ቅጣታቸውንም ፈቅደው ተቀበሉ።

ያን ቀን ዳነች ትላላችሁ? አልዳነችም። ይመናሹ ቤቷ ወሰደቻትና በቀን አምስት ጊዜ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ቀጭን አጥሚት ሰጠቻት። «መቁጠሩን ለእኔ ተይልኝ፣ ማንኪያውን እኔ እቆጥረዋለሁ» አለቻት። እያበላች ስለ ምግብ አታወራም፤ ስለ ጨው ነጋዴዎች ውሸት ታወራለች። «ከሳሽ» ወይም «ወፈርሽ» ያለ ጠያቂ ከደጅ ይመለሳል። ልጅቱም ቀና ማለት ጀመረች። ይመናሹ ደስ አላት።

አንድ ቀን ግን ውሻዋን አየችው። ውሻው ወፍሮ መራመድ አቅቶታል! ለካ አጥሚቱ ወደ እሱ ይሄድ ኖሯል። ትቆጣለች ብላችሁ? ልጅቱን አጠገቧ አስቀመጠችና፦

፦ ሰሞኑን ፍርሃትሽ በረታ?

፦ በረታ፣ አክስቴ። ነግሬሽ ቢሆን ትጠይኝ ነበር።

፦ ለጠላሁት ሰው አጥሚት አላሞቅም። ነይ፣ ከሀ እንጀምራለን።

ጀመሩ። እንደገና ወደቀች። እንደገና ጀመሩ። አራት ጊዜ።

በሐምሌ ይመናሹ ልጅቱን ይዛ ወንድሟን ልትጠይቅ መጣች። ውድነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትናንት የተረፈ ቂጣ ታኝካለች። ወሬው ስለ ዝናቡ ነው። ድንገት ትርንጎ፦

፦ እማ፣ ራበኝ። እሱን ቂጣ አካፍይኝ፣ አለች።

 የውድነሽ መንጋጋ ባለበት ቆመ። ደረበ ተነስቶ ወጣና ደጅ ላይ «ራበኝ አለች! ራበኝ አለች!» ብሎ ጮኸ። አሥራ አንድ ቤት ሰማ። አንዷ ወጥ ከነድስቱ ይዛ፣ ሌላዋ እርጎ፣ ሌላው ማር ይዞ እየሮጡ መጡ። ይመናሹ በሩ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

፦ ወደ ኋላ! በአንድ ቀን ልትገድሏት ነው? አንድ ቂጣ ነው የጠየቀችው፤ ግማሹን ትበላለች!

ውድነሽ ቂጣውን ለሁለት ቆረሰችና ሰጠቻት። ልጇ ላይ እንዳታፈጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ነበር፤ ልጅቷ ስታኝክ ትሰማ ነበር።

እኔም ተረቴን ለእናንተ አጎረስኩ፤ እናንተ ደግሞ አፌን ባዶ አታሳድሩት። በሉ፣ ቆሎውን ወዲህ!