በጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው መርከበኛ

ልጆቼ፣ እስቲ ቁጭ በሉ። ከኋላ የቆማችሁትም ኑ፣ እዚህ ከፊት ቦታ አለ። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ከሰማሁ ወዲህ እኔ ራሴ እንደ ደነገጥሁ ነኝ፤ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

አንድ ሰው ነበረ። መርከበኛ ነው። የእኛው አገር ልጅ፣ በባዕድ ሰው የጭነት መርከብ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ። ምን ይሠራል? ዝገት ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ገመድ ይጎትታል። ዓይኑ የሚያየው ውኃ ብቻ ነው፤ ጠዋት ውኃ፣ ማታም ውኃ። አብረውት ሁለት ያገሩ ልጆች አሉ። አንዱ አስናቀ ይባላል፤ የእህቱ ባል ነው። ሌላው ለሜቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በአስናቀ ሠርግ ላይ ሚዜ የነበረ። አማችና ሚዜ በአንድ መርከብ ላይ፣ እንግዲህ እዩት።

ከቤት መራቅ ሰውን ያማርረዋል። ምግቡ አይጣፍጣቸውም፣ ሹሙ ይቆጣቸዋል፣ ወደ አገር የሚመለሱበት ቀን ይገፋባቸዋል። ስለዚህ ሲያማርሩ ይውላሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። እናንተስ ትፈርዳላችሁ? እኛ ከደጃፋችን ሳንርቅ ስንቱን እናማርር የለም ወይ?

በዚያ መርከብ ላይ አንድ ልማድ አለ። ሰው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ቢወድቅ እንዴት እንደሚወጣ በየጊዜው ይለማመዳሉ። የሥራ ቱታ በጨርቅ ጠቅጥቀው ሰው ያስመስሉና ታች ያስተኙታል። አንዱ የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ፣ ጭንብል በፊቱ አጥልቆ ይወርድና በገመድ አስሮ ያስወጣዋል። ይኼ ልምምድ ደግሞ የሚውለው በዕረፍት ቀን ነው። ታዲያ ማን ይወደዋል?

«አማቼ» ይለዋል አስናቀ፣ «እሑዳችንን ለጨርቅ ሬሳ ሰጠናት እኮ! ተስካሩንስ መቼ ነው የምናወጣለት?»

«አንተ ብቻ ገመዱን ሳብ። ቶሎ ካለቀ ትተኛለህ» ይለዋል ሰውዬው።

አንድ ቀን ታዲያ ሰውዬው ጭንብሉን ሲያጠልቅ ማሰሪያው እጁ ላይ ተበጠሰ። ጠርሙሱንም ቢያየው አየሩ ሊያልቅ ደርሷል። ለመርከቡ ዋና መኮንን ነገረው። መኮንኑም «ወደብ ስንደርስ ይታያል» ብሎት አለፈ።

ለሜቻ ይህን ሰምቶ ምን አለው? «ነግረሃቸዋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን አገባህ? እዚህ መርከብ ላይ ሰሚ የለም፣ ተወው!»

እውነቱን ነው፤ ነግሯቸዋል። ብዙዎቻችን እዚህች ጋ ስንደርስ ነው የምንቀመጠው። ተናገርን፣ አልሰሙንም፣ በቃ። ከዚያ በኋላ እነሱን እያማን መኖር ነው። እንዲህ አይደለም እንዴ የምናደርገው?

ሰውዬው ግን ዕቃ ቤት ገብቶ ትርፍ ማሰሪያ ፈለገ። አገኘ። ጭንብሉን አጠበው፣ ማሰሪያውን ቀየረው። በማግሥቱ ወደ መኮንኑ ይዞት ሄደና «ጌታዬ፣ በእኔ በኩል ያለውን ጨርሻለሁ። አየሩን ለመሙላት ግን የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልገኛል» አለው። ቁጣ የለበት፣ ኩርፊያ የለበት። መኮንኑ ጭንብሉን አገላብጦ አየው፤ ሳቀም። «በል ና፣ አሁኑኑ እንሙላው» አለው። መሙያው ማሽን ለካ እዚያው መርከቡ ላይ ነበረ!

አስናቀማ ሳይቀልድ አላለፈውም። «ሊሾሙህ ነው መሰለኝ! ስትሾም ታዲያ የእህትህን ባል አትርሳ።»

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ፀሐይዋ ጠራራ። በመርከቡ ፊት በኩል የመልሕቁ ሰንሰለት የሚከማችበት ጠባብ ክፍል አለ። ጉድጓድ በሉት፤ በመሰላል ነው የሚወረደው። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይኖራል። ያን ዕለት ውስጡ ሊቀባ ስለሆነ ክዳኑን ከፈቱት። ደንቡ ምንድነው? አየር እስኪገባበት ይጠበቃል፣ በመሣሪያ ይለካል፣ ከዚያ በፊት ማንም አይወርድም። አስናቀ ይህን ያውቃል። ለሜቻም ያውቃል።

ግን የቀለሙ ባልዲ ከአስናቀ እጅ አምልጦ ወደ ታች ወደቀ። «አንዴ ዘው ብዬ ላንሣው» አለ። ወረደ።

ለባልዲ፣ ልጆቼ! ለአንድ ባልዲ!

መሰላሉን ሳይጨርስ እጁ ለቀቀ። አልጮኸም። እንደ ጆንያ ዝርግፍ አለ።

ለካ ብረት ሲዝግ አየር ይበላል! እኔ ይህን ስሰማ አላመንሁም፤ የነገረኝን ሰው ደግሜ ጠየቅሁት። አዎ፣ ሰንሰለቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲዝግ የምንተነፍሰውን አየር ይጨርሰዋል። ጢስ የለው፣ ሽታ የለው። ሲያዩት ባዶ ክፍል ነው። ገብተው አንድ ሁለት ጊዜ ሲተነፍሱ ግን ያበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«አስናቀ!» ብሎ ጮኸ ለሜቻ። ሰውዬው ትንሽ ራቅ ብሎ ገመድ ይጠቀልል ነበር፤ ጥሎት ሮጠ። ሲደርስ ለሜቻ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፏል። በወገቡ ይዞ ጎተተውና እሱ ራሱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

«ልቀቀኝ! እየሞተ ነው!»

«አትገባም። ሩጥ፣ ጭንብሉን አምጣ!»

«ወንድሜ እየሞተ ጭንብል ትለኛለህ? አንተ ሰው ነህ? ለእህትህ ምን ልትላት ነው?»

«ሩጥ አልሁህ!»

ለሜቻ በቡጢ ፊቱን አለው። ደም በአፍንጫው ወረደ። ሰውዬው መልሶ አልመታውም፤ ከቆመበትም ንቅንቅ አላለም። «ብትገባ ሁለት ሬሳ ነው የማወጣው። እባክህ፣ ወንድሜ፣ ሩጥልኝ!»

ልጆቼ፣ ልብ በሉ። እኛ ሰው ሲወድቅ ቆመን ማየት አናውቅበትም። የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር አንዱ ወደቀ ሲባል ወንድም ወንድሙን ተከትሎ ይገባል፣ ጎረቤትም ይከተላል። ከዚያ ድንኳኑ ለስንት ሰው ይተከላል? እንገባለን፣ ፍቅራችን ነዋ! ይኼ ሰው ግን የእህቱ ባል ከእግሩ ሥር ወድቆ እያየ ቆመ።

ለሜቻ እያለቀሰ ሮጠ። ጭንብሉን አመጣ፤ ሌሎቹም ገመድ ይዘው ደረሱ። ሰውዬው ደሙን ሳይጠርግ አጠለቀና ወረደ። ያንን የጨርቅ ሰው እንደሚያስረው አድርጎ አማቹን በብብቱ አሰረው። ከላይ ሳቡት።

ሲወጣ የአስናቀ ፊት አመድ መስሏል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። መኮንኑ ተንበርክኮ ትንፋሽ ይሰጠው ጀመር። ይሰጠዋል፣ ያዳምጠዋል፤ ደግሞ ይሰጠዋል። በመጨረሻ አስናቀ አንድ ጊዜ ሳለ። እንደገና ሳለ። ዓይኑንም ገለጠ።

እሱ መተንፈሱ ከታወቀ በኋላ መኮንኑ የአየር መለኪያውን በገመድ ወደ ክፍሉ አወረደው። መሣሪያው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ይጮህ ጀመር፤ አየር የለም ማለቱ ነው። ለሜቻ ጩኸቱን ሲሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እኔም እዚያ ልቀር ነበር?» አለ።

ሰውዬው ለዕረፍት አገሩ ሲገባ እኔ ቤት መጥቶ ነው ይህን የነገረኝ። እኔም «ልጄ፣ ይኼ ምን ዓይነት ልብ ነው? እንዴት አስችሎህ ቆምህ?» አልሁት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ልቤማ ዝለል ዝለል ይለኝ ነበር። ግን ጠርሙሱ ሙሉ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ባላውቅ ኖሮ ከለሜቻ ቀድሜ የምዘለው እኔ ነበርሁ።»

እኔማ ከልቡ ጥንካሬ የመጣ መስሎኝ ነበር እኮ! ለካ ያቆመው ምንም ባልሆነበት ቀን፣ ሁሉም ሲያማርር፣ ዕቃ ቤት ገብቶ የሠራው ሥራ ነው። አስናቀን የወደዱት ሁለቱም ናቸው። አንደኛው ግን ፍቅሩን አስቀድሞ ጀምሮታል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። በቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ «እኔ ተናግሬአለሁ፣ አልሰሙኝም» ብላችሁ የተዋችሁት ነገር የለም? አንተ ሹፌሩ፣ የያዝኸው መኪና ፍሬን ሲጮህ ለባለቤቱ ነግረህ ዝም ብለህ ትነዳ የለም? አንቺስ ልጄ፣ ምድጃው ላይ የተላጠውን የኤሌክትሪክ ገመድ በየቀኑ እያየሽ ባልሽን ትቆጪው የለም? ቁጣሽ እውነት ነው። ግን ልጆችሽ በዚያ በኩል ያልፋሉ። እኛም ሽማግሌዎቹ ብንሆን ከልጆቻችን ጋር ተኳርፈን «ቀድሞ ይምጣ» እያልን ስንት ዓመት እንቀመጣለን? ደርሶብን ስንሮጥ ማን ይቀድመናል! ያ ቀን እስኪደርስ ግን ለምን እንጠብቃለን?

እግዚአብሔር ጸጥ ያለ ቀን የሚሰጠን ለሥራ ነው። የምትችሏትን ትንሿን ነገር ሠርታችሁ፣ የቀረውን በትሕትና ለሚመለከተው ውሰዱት። እምቢ ቢላችሁም ነገ ደግማችሁ ሂዱ።

ልጆቼ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ አልቀየማችሁም። ብቻ ዛሬ ማታ በራችሁን ስትዘጉ፣ የምትወዱትን አንድ ሰው ፊት አስቡና ለእሱ ገና ያላደረጋችሁለትን አስታውሱልኝ።